ለቆት ነበር

ፀዳለ ይገዙ ወንድሟ ሲጫወት ለማየት የምትሄደው በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነበር። ያፌት በረዶው ላይ ብዙ አይቆይም። ሌሎቹ ፓክ የሚሏትን ጥቁር የጎማ ቁራጭ በዱላ እየገፉ ሲከንፉ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አሰልጣኙ ከኋላ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው ይነሳል። ትከሻው ከተነካ ስራው አንድ ብቻ ነው፤ ከተጋጣሚው ቡድን አንዱን መርጦ መደባደብ።

በእግር ኳስ ያደገ ሰው ይህ ሙያ ነው ቢሉት አያምንም። ያኔ ግን በበረዶ ሆኪ እያንዳንዱ ቡድን እንዲህ ያለ አንድ ሁለት ሰው ነበረው። ጓንታቸውን ወርውረው ይያያዛሉ፤ ዳኞቹ አንዱ እስኪወድቅ ዳር ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ ሁለቱንም አምስት አምስት ደቂቃ የቅጣት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ያፌት ይህን ስራ በደመወዝ አምስት ዓመት ሰርቷል። ቤት ሲገባ ያበጡ ጣቶቹን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የምትዘፈዝፍለት፣ የተሰነጠቀ ቅንድቡን የምታጸዳለት ታላቅ እህቱ ፀዳለ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጥር፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀዳለ ከቸርች እንደወጣች ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ ወዳለው አዳራሽ ነዳች። የያፌት ቡድን ትሪኒቲ ቡልስ ይባላል፤ ከትልቁ ሊግ ሁለት ሶስት ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት፣ ከቴክሳስ ውጪ ስሙን የሚያውቀው የሌለ ቡድን ነው። ለቤተሰብ የሚሰጠው ወንበር አራተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስታወቱ ማዕዘን በኩል ነበር። ካፖርቷን በቀሚሷ ላይ ደርባ ተቀመጠች።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ ያፌትን ትከሻውን መታ አደረገው። ያፌት ገና ወደ በረዶው ሲገባ፣ ከዚያኛው ቡድን አንድ ቀጭን ልጅ ራሱ ወደ እሱ መጥቶ ጓንቱን ጣለ። ሕዝቡ በአንዴ ብድግ አለ። ሰው ሁሉ የሚያየው ፊት ፊታቸውን ነው። ፀዳለ ግን ሁልጊዜም የምታየው እጅ ነው፤ ምናልባት ስንት ዓመት እጅ ስትጠግን ስለኖረች ይሆናል። ያፌት በግራው የልጁን ማሊያ ጨምድዶ በቀኙ መታው። ልጁም የያፌትን ማሊያ ደረቱ ላይ ይዟል። አንድ፤ ሁለት፤ በሶስተኛው ሄልሜቱ ወልቆ በረረ። የልጁ ጣቶች ተከፈቱ። እንቅልፍ የጣለው ሕፃን የያዘውን ነገር እንደሚለቅ፣ እጁ ከያፌት ደረት ላይ ተንሸራቶ ወደ ታች ወረደ። ፀዳለ ይህን በደንብ አይታለች።

ከዚያ በኋላ ያፌት አንዴ ደገመው።

ልጁ በጀርባው ወደቀ። ጭንቅላቱ በረዶው ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ባዶ ነበር፤ የተዘጋ በር እንደ ማንኳኳት ያለ። አዳራሹ ጮኸ፤ ጩኸቱ ግን ከላይኞቹ ረድፎች ጀምሮ እየተበላ እየተበላ መጥቶ ዝም አለ። ሐኪም እየተንሸራተተ ሮጠ። ቃሬዛ መጣ። ያፌት ቅጣት ሳጥን ውስጥ ቆሞ የገዛ እጁን እያገላበጠ ያያል።

አመሻሹ ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ አገኘችው። ፀጉሩ እርጥብ ነው፤ ጃኬቱን አልዘጋውም።

«ሆስፒታል ወስደውታል» አላት። «ደህና ይሆናል ብለውኛል። ኦኬ? ደህና ይሆናል።»

«ጌታ ያውቃል።»

«ማሊያዬን ይዞኝ ነበር፣ እታለም። ሶ መምታት ነበረብኝ። ይዞኝ ነበር። አይተሻል አይደል?»

ፀዳለ የመኪናውን በር ከፈተች። «ግባ፣ ይበርዳል» አለችው።

እናታቸው የሞተችው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ፣ በወባ ነው። ፀዳለ አስር ዓመት የሆነውን ወንድሟን ይዛ በ1981 ካናዳ፣ ዊኒፔግ ስትገባ ሃያ ዓመቷ ነበር። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ነች። ክረምት ሲሆን የትምህርት ቤቱን ግቢ ውሃ ይለቁበትና አንድ ሌሊት አድሮ ሜዳው ሁሉ በረዶ ይሆናል። ያፌት በሁለት ቁጥር የሚሰፋውን አሮጌ የበረዶ ጫማ ጋዜጣ ጠቅጥቆበት ወጣ፤ አንድ ወር ሙሉ ወደቀ። ከዚያ አንድ ቀን ፀዳለ ከስራ ስትመለስ ከአጥሩ ውጪ ቆማ አየችው። እጁን ከኋላው አጣምሮ ብቻውን ይዞራል። ፊቱ ላይ ያየችውን ደስታ ከገዳሪፍ ወዲህ አይታው አታውቅም። ዱላ የለ፣ ኳስ የለ፤ ዝም ብሎ መንሸራተት ነው። ከረጢቷን በረዶው ላይ አስቀምጣ እስኪጨልም ድረስ ስታየው ቆየች።

አስራ አራት ዓመት ሲሞላው ቁመቱ ከመምህሮቹ በለጠ። በቡድኑ ውስጥ ጥቁር እሱ ብቻ ነበር፤ በየሜዳው የማይባል ነገር ይባላል። አንድ ቀን ከሰደቡት አንዱን አንስቶ መታው። የቡድን ጓደኞቹ በዱላቸው አጥሩን እየደበደቡ አጨበጨቡለት። ከዚያ በፊት ስሙን በትክክል የጠራው እንኳ አልነበረም።

አስራ ስድስት ሲሆን አንድ አሰልጣኝ ቤታቸው ድረስ መጣ። «ወንድምሽ ተሰጥኦ አለው» አላት። ፀዳለ ስለመንሸራተቱ መስሏት ፊቷ በራ። ሰውዬው ሳቀ። «መንሸራተትማ ብዙ ልጅ ይችላል። እንዲህ ገዝፎ የማይፈራ ግን አላየሁም» አለ። ያኔ ገባት። ያፌት ከኩሽናው በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ይለምናታል። ሌላ ከተማ ሄዶ፣ ሌላ ሰው ቤት አድሮ የሚጫወትበት ወረቀት ነበር፤ አሳዳጊ መፈረም አለበት። ፀዳለ ገብቷትም ፈረመች።

ከዚያ በኋላ የያፌት ኑሮ አውቶቡስ ሆነ። በስድስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ከተማ ተጫውቷል፤ ሁለቱን ፀዳለ ስማቸውን እንኳ አታስታውስም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1992 መስከረም፣ ከትልቁ ሊግ ቡድኖች አንዱ ለልምምድ ጠራውና አስራ አንድ ቀን ቆየ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሆኪ ወደ ቴክሳስ ሲወርድ እሱም አብሮ ወረደ። የቴክሳስ ሰው የጨዋታውን ሕግ ገና አያውቅም፤ ድብድቡን ግን ወዲያው ወደደው። ሐመር፣ መዶሻው፣ ብለው ስም አወጡለት፤ በየነዳጅ ማደያው ፎቶው ተለጠፈ። «ነይ እንጂ» ብሎ ፀዳለን ኮል አደረገላት። «እዚህ አይበርድም። የአማርኛ ቸርች አለ።» ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር፣ ሁለት መኝታ ክፍል አፓርትመንት ተከራዩ። ፀዳለ የበሽተኛ ተንከባካቢነት ኮርስ ወስዳ አረጋውያን ቤት ተቀጠረች። ኑሮ ደህና ነበር ማለት ይቻላል፤ እስከዚያ እሁድ።

ሊጉ ጉዳዩን አየሁት ብሎ ያፌትን አስር ጨዋታ ቀጣው። ጠቡ ሁለቱም ፈቅደው የገቡበት ነው ተባለ። ጋዜጣ ላይ ትንሽ ወሬ ወጣ፤ የያፌት ፎቶ በግራ፣ የልጁ በቀኝ። የልጁ ስም ኮሪ ነው፤ ሃያ ዓመቱ ነው፤ አልነቃም።

ያፌት ከቅጣት ሲመለስ ሕዝቡ ቆሞ «ሐመር! ሐመር!» እያለ ተቀበለው። አሰልጣኙ ትከሻውን መታ አደረገው። ያፌት ተነሳ፤ ገባ፤ ጓንቱን ጣለ፤ ተጋጣሚው መታው። ያፌት እጁን አላነሳም። ደገመው፤ አላነሳም። በሌላኛውም ጨዋታ፣ በሶስተኛውም እንደዚያው። በመጋቢት መጨረሻ ዕቃውን በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ሞልተው ሰጡት። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የሚያውቀው ሌላ ሙያ የለውም። አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ልጆች የሚንሸራተቱበት ሜዳ አለ፤ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና እንዲነዳ ተቀጠረ። ቤት ሲገባ መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል። ብርሃን ራሱን ያመዋል።

በዚያው ሰሞን፣ ከአምልኮ በኋላ፣ እህት እታለማሁ ፀዳለን ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። እታለማሁ ቤድፎርድ አንድ የማገገሚያ ቤት ውስጥ ነው የምትሰራው።

«ያ ልጅ እኛ ጋ መጣ» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሆኪው ልጅ። ዓይኑን ይከፍታል እንጂ ሰው አያውቅም። ካናዳ ድረስ ለማጓጓዝ ገና ነው ብለው ነው።»

ፀዳለ ወደ እሷ ጠጋ አለች። «ሰው ትፈልጋላችሁ እናንተ ጋ?» አለች።

«ምን?»

«ተንከባካቢ። ሰው ይጎድላችኋል ወይ?»

«አብደሻል እንዴ ፀዳለ? እኔ አጥበዋለሁ፤ ሌሎቹም አሉ።»

«እኔ ልጠበው።»

እታለማሁ ብዙ ተከራከረቻት። በመጨረሻ «እኔ አልሰማሁም፣ አላየሁም» ብላ ማመልከቻውን አመጣችላት። ፀዳለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስራ ጀመረች። ፈረንጆቹ ስሟን መጥራት ስላቃታቸው ባጇ ላይ ዴል ብለው ጻፉላት። የአባት ስም ባጅ ላይ አይጻፍም። ማንም አልጠየቃት፤ እሷም አልተናገረች።

ኮሪ ስድስተኛው ክፍል፣ መስኮት አጠገብ ነበር የተኛው። ጠዋት ጠዋት ታጥበዋለች፤ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች፤ ጀርባው እንዳይቆስል በቅባት ታሸዋለች። ዓይኑ ግራጫ ነው፤ ይከፈታል፣ ሰው ላይ ግን አያርፍም። ቀኝ እጁ ተጨምድዶ ተዘግቷል። መዳፉ እንዳይሸት በየቀኑ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማስለቀቅ አለባት፤ አውራ ጣቱን መጀመሪያ፣ ከዚያ ትንሿን። ያን ቀን ተከፍቶ ያየችው እጅ ይኸው ነው። አጥባ ስትጨርስ ተመልሶ ይዘጋል።

እናቱ ሎሬን ትባላለች፤ ሃምሳ ያልሞላት፣ ከካናዳ፣ ከሳስካችዋን የስንዴ አገር የመጣች፣ እጆቿ የገበሬ እጅ የሆኑ ሴት። ባሏ እርሻውን ትቶ መምጣት አልቻለም። ሞቴል አድራ ጠዋት ትመጣለች፤ ከአገሯ የሚላክላትን ጋዜጣ ለልጇ ታነብለታለች፤ የዝናቡን፣ የእህሉን፣ የሞተውን የተጋባውን። አንድ ቀን ስለ ኮሪ የበረዶ ጫማ ስታወራ ፀዳለ ስለ ጫማው ስለት አንድ ነገር አለች።

«አንቺ ይህን የት አውቀሽው?» አለች ሎሬን።

«ዊኒፔግ አስራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ።»

ሎሬን ቴክሳስ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እንግዲያው ጎረቤቴ ነሽ!»

ከዚያ ወዲህ የፀዳለን ተራ እየጠበቀች የምትመጣ ሆነች።  ሴትዮዋ ደግ ነች፤ ቤት የተጋገረ ነገር ከሆነ ቦታ ፈልጋ ታመጣላታለች፤ «አንቺ ስትነኪው ሰውነቱ ይፍታታል፣ ታውቂያለሽ?» ትላታለች። ፀዳለ ዛሬ እነግራታለሁ እያለች ትመጣና ሳትነግራት ትመለሳለች። ሳምንቱ በሄደ ቁጥር መናገሩ እየከበደ ሄደ።

በሰኔ አንድ ቀን ሎሬን የልጇን እግር እያሻሸች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «እሱ እኮ ተደባዳቢ አልነበረም» አለች። «ግብ አስቆጣሪ ነበር። ወንድነትህን ካላሳየህ ትመለሳለህ ብለውት ነው። ጠዋት ደውሎልኝ ነበር፤ እማዬ ዛሬ አንዱን እገጥማለሁ አለኝ። ተው ልጄ አልኩት። በሕይወቱ የመጀመሪያ ድብድቡ ነበር።»

ፀዳለ የያዘችውን ፎጣ አጣጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና አጣጠፈችው።

ማታ ለያፌት ነገረችው። ቤድፎርድ እንደምትሰራ ያውቃል፤ የት ክፍል፣ ማን ጋ እንደሆነም ከነገረችው ቆይቷል። እሱ ግን ስለ ኮሪ ጠይቋት አያውቅም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኗል።

«የመጀመሪያው ነበር አለች እናቱ። ከዚያ በፊት ተደባድቦ አያውቅም።»

ያፌት ጨርቁን አላነሳም። «አውቄያለሁ» አለ።

«ምኑን አወቅህ?»

«ገና ጓንቱን ሲጥል። አውራ ጣቱን ጣቶቹ ውስጥ ደብቆ ነበር የጨበጠው። እንደዚያ የሚጨብጥ ሰው መትቶ አያውቅም፤ ከመታ አውራ ጣቱ ይሰበራል።» ጨርቁን ዓይኑ ላይ ተጫነው። «አየሁት እኮ። ማለቴ፣ ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀስ ብዬ አንድ ሁለት መትቼ ልይዘው እችል ነበር። ሌላ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ለልጆች እንደዚያ ነው የሚደረገው።»

«ታዲያ?»

«እንጃ፣ እታለም። ሕዝቡ ይጮሃል። ስራዬ ነው።»

ፀዳለ ስለ መጨረሻዋ ቡጢ ልትጠይቀው አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ያፌት በዚያ በጋ መርሳት ጀመረ። ምድጃ ለኩሶ ይወጣል። የገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪናውን ሲፈልግ ሁለት ሰዓት ዞሮ ጥበቃዎች አገኙት። ፀዳለ ሐሳብ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ትላለች። የቸርቹ ሰው ሁሉ ይጸልይለታል።

በነሐሴ አንድ ረቡዕ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ፀዳለ የኮሪን ደረት እያጠበች ነበር። ሎሬን ከአልጋው ወዲያ በኩል ጋዜጣ ታነባለች። በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስትል ያፌት ነው። ጺሙን ተላጭቷል፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። እንደሚመጣ አልነገራትም።

ሎሬን ጋዜጣውን ዝቅ አደረገች። መልኩን ከፎቶው ታውቀዋለች።

«አንተ ነህ» አለች።

«አዎ፣ ማዳም።»

ያፌት ወደ አልጋው አየ። የኮሪ ዓይን በእሱ ላይ አልፎ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ያፌት። 

«ይቅርታው ይቆይ» አለች ሎሬን። አልጮኸችም። «አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከኮሪ ጋር ይጫወት የነበረ ልጅ ደውሎ ነግሮኛል። ከመጨረሻው ምት በፊት ኮሪ ለቆህ ነበር አለኝ። እጁ ወርዶ ነበር አለኝ። ሌሎቹ አላየንም ይላሉ። እውነት ነው?»

ያፌት ፀዳለን አያት። እሷ እርጥቡን ፎጣ እንደያዘች ቆማለች።

«አላስታውስም» አለ።

ፀዳለ ፊቱን መረመረች። ልጅ ሆኖ ሲዋሽ ጫማውን ነበር የሚያየው። አሁን ጫማውን አያይም። ግን ደግሞ ወንድሟ ስንት ጊዜ ተመትቷል፤ ከራሱ ውስጥ ምን እንደቀረ ማን ያውቃል? እየዋሸ ይሁን እውነቱን ይሁን መለየት አቃታት።

«አላስታውስም» አለ ደግሞ። «የያዘኝ መስሎኝ... ይዞኝ ነበር ብዬ ነው ሁልጊዜ...»

«ለቆት ነበር» አለች ፀዳለ።

በአማርኛ ነው ከአፏ የወጣው። ከዚያ ወደ ሎሬን ዞራ በእንግሊዝኛ ደገመችው። «ልጅሽ ለቆት ነበር። እጁ ከወረደ በኋላ ነው የመታው። አይቻለሁ።»

ሎሬን ቀስ ብላ ዞረች። «አንቺ የት ሆነሽ ነው ያየሽው?»

«አራተኛው ረድፍ ላይ። ወንድሜ ነው።»

 ሎሬን ጋዜጣውን ለሁለት አጠፈችው፤ ከዚያ ለአራት።

«አራት ወር ልጄን ስታጥቢው ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ስለ እሱ ሳወራሽ። ሕፃን ሳለ ስለነበረው ሳወራሽ።»

«አዎ» አለች ፀዳለ።  ልትናገር ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ስንት ሌሊት ያወጣችው ያወረደችው፤ አንዱም አልመጣላትም።

«ውጡልኝ። ሁለታችሁም።»

ፀዳለ የውሃውን ሳህን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለች ሎሬን። ፎጣውን ከእጇ ተቀብላ የልጇን ደረት ፀዳለ ካቆመችበት ማጠብ ጀመረች።

ውጪ ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጣል። ያፌት ከመኪናው አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ለምን?» አላት። «ይቅርታ ልጠይቅ ነበር እኮ የመጣሁት።»

«እውነቱን ጠየቀችህ።»

«እኔም ጠይቄሽ ነበር! ያን ቀን፣ እዚያው ሜዳው ጋ፣ አይተሻል አይደል ብዬ ጠይቄሽ ነበር። ይበርዳል ነው ያልሽኝ። ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር? ዛሬ በእሷ ፊት?» ያንን ግዙፍ እጁን በመኪናው ጣሪያ ላይ አሳረፈ፤ አልመታውም፤ አሳረፈው ብቻ። «ወረቀቱንስ ማን ፈረመው? አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር።»

 ያፌት በሀይዌዩ ዳር በእግሩ ሄደ፤ በዚያ ሙቀት፣ በነጭ ሸሚዙ። ቤት የመጣው በሶስተኛው ቀን ነው። የት እንደነበር አልተናገረም፤ ምናልባትም አያውቀውም ይሆናል።

የማገገሚያው ቤት ኃላፊ ፀዳለን በማግስቱ አሰናበታት። ስህተት ነው ልትል አልቻለችም። በጥቅምት ሎሬን ልጇን በሐኪም አውሮፕላን ወደ አገሩ ወሰደችው። ሎሬን ስትሄድ እታለማሁ ተሰናብታታለች፤ ሎሬን ስለ ፀዳለ አንድም ቃል አልተነፈሰችም አለች። በየካቲት 1997 ለቤቱ ሰራተኞች በሙሉ የተላከ አንድ ካርድ መጣ። ኮሪ በሳንባ ምች አርፏል፤ ላደረጋችሁለት እናመሰግናለን ይላል። እታለማሁ ካርዱን ቸርች ይዛ መጥታ ለፀዳለ አሳየቻት። ፀዳለ ስሟ ካርዱ ላይ ይኖር እንደሆነ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልነበረም።

ያፌት ሲሰማ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ቆየ። ሲወጣ ፀጉሩ ደረቅ ነበር፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

ፀዳለ ማኪኒ የምትባል ከተማ ስራ አግኝታ ወደዚያ ተዛወሩ። የበረዶ መኪናውን ስራ ያፌት ከተወ ቆየ፤ ሁለት ጊዜ አጥሩን ገጨውና በቃ ተባለ። በ1998 አንድ የነርቭ ሐኪም አየው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወረቀቱን እየሞላ «ጭንቅላትህን ስንት ጊዜ ያህል ተመትተሃል?» አለው።

«በሳምንት ነው በዓመት?» አለ ያፌት። ሊያሾፍ አልነበረም።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ደህና ቀን አለው፤ ክፉ ቀን አለው። በደህናው ቀን ገበያ ይሄዳል፤ ሳህን ያጥባል፤ ከፀዳለ ጋር ስለ ዊኒፔግ ብርድ ያወራል። በክፉው ቀን የትኛው ከተማ ውስጥ እንዳሉ ይጠይቃታል። እነዚያ ዘጠኙ ከተሞች ውስጡ ተደባልቀውበታል።

በ1999 ሰኔ የዳላሱ የትልቅ ሊግ ቡድን ዋንጫ አነሳና ከተማው ለሰልፍ ወጣ። ቀን ላይ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ያሳያል። ያፌት ሶፋው ላይ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ያያል። ተጫዋቾቹ በክፍት መኪና እያለፉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ሕዝቡ በሙቀቱ ውስጥ አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ይጮሃል።

«ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለ በጣቱ እያሳየ። «አብረን ልምምድ ሰርተናል። አስራ አንድ ቀን።»

«እውነትህን ነው?» አለች ፀዳለ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«አዎ። ጥሩ ሰው ነው። ውሃ አቀብሎኛል።»  ከዚያ ዞሮ አያት፤ ፊቱ ላይ ያ የክፉ ቀን ግርታ መጥቷል። «እታለም፣ ያ ልጅ እንዴት ሆነ? ኮሪ። አሁን ይራመዳል?»

ከዚህ በፊት አራት ጊዜ ጠይቋታል። አራቱንም ጊዜ እውነቱን ነግራዋለች፤ አራቱንም ጊዜ ዛሬ እንደተረዳ ሰው ወለሉ ላይ ወድቆ አልቅሷል። በሳልስቱ ደግሞ ማልቀሱን ረስቶታል። የቸርቹን ፓስተር ንዋይን አማክራዋለች፤ እህቴ፣ በዚህስ ምን እንደምልሽ አላውቅም ነው ያላት።

ፀዳለ ያጠፈችውን ሸሚዝ ክምሩ ላይ አኖረች።

«ይራመዳል» አለችው።

«ይራመዳል? እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። እናቱ ጋ ነው፤ አገሩ።»

«ጌታ ይመስገን» አለ ያፌት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ትከሻው ወረደ፤ ወደ ሶፋው ተደግፎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

ፀዳለ ቀጣዩን ልብስ አነሳች። የቀረው ክምር ብዙ ነበር፤ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነሳችም።